አልጋውን የተሸከሙት አራቱ

ከልብና ከሳንባ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ወገኖቻችንና ለሚረዷቸው ሁሉ



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 12 በቅፍርናሆም ስለተፈጸመ ድንቅ ሥራ ይተርክልናል። ጌታችን በቤት ውስጥ ሲያስተምር ሕዝቡ ደጁን ሳይቀር ሞልቶት ነበር። አራት ሰዎች አንድ ሽባ በአልጋ ተሸክመው መጡ። በደጅ መግባት ስላልቻሉ ጣራውን ነድለው አልጋውን ከነሕመምተኛው ወደ ጌታችን ፊት አወረዱት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ሕመምተኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገረም። ወንጌላዊው እንደሚነግረን ጌታችን የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው። ስማቸው አልተጻፈልንም፤ ከወዴት እንደ መጡም አናውቅም። የምናውቀው አልጋውን መንገድ ላይ አስቀምጠው እንዳልተመለሱ ብቻ ነው።

በየቁምስናችን ትንፋሽ እያጠራቸው የሚኖሩ ወገኖቻችንን ስናስብ ይህ ወንጌል ለእኛ የተነገረ ይሆንብናል። ትኩሳት በሳምንት ይለቃል፤ ስብራት በጥቂት ወራት ይጠገናል። ለዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ፣ አብሮ የሚኖር ሕመም ግን ሌላ ዓይነት መስቀል ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ጠያቂው ይበዛል፤ ብርቱካኑም ማሩም ይመጣል። ዓመት ሲያልፍ ቤቱ ጭር ይላል። ሕመምተኛው አልዳነም፤ አልሞተምም፤ እኛ ግን ለምደነዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የምንወደው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ አንድ ጊዜ መጠየቅ አይበቃም፤ አልጋውን ይዞ መቆየት ያስፈልጋል። አልጋ አራት ማዕዘን እንዳለው ሁሉ ይህም ሸክም አራት መያዣ አለው ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው መያዣ፦ እውነቱን ማወቅ

በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁት ከባድ የልብ ሕመሞች አንዱ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በባክቴሪያ ጉሯቸው ሲቆስል እኛ «ቶንሲል ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዶቻችንም ልጁን ወስደን እንጥሉን እናስቆርጣለን። የእንጥል መቆረጥ ይህን ሕመም አያድነውም፤ ይልቁንም ልጁን ለመድማትና ለሌላ ቁስለት ያጋልጠዋል። ጉሮሮው በወቅቱ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ከጉልበት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወር ቁርጥማትም ይከተላል። ሐኪሞች ይህን ሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። ቁርጥማቱ ያልፋል፤ ነገር ግን ጀርሙን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ኃይል የልጁን የልብ በሮች፣ ቫልቭ የሚባሉትን፣ አቁስሎ ጠባሳ ይተውባቸዋል። ትኩሳቱ በተመለሰ ቁጥር ጠባሳው ይጨምራል።

ገበሬ ወገኖቻችን የሚያውቁትን ምሳሌ እንውሰድ። የመስኖ ቦይ መውጫው ሲጠብ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ የላይኛውን ማሳ ያጥለቀልቀዋል። በልብ ግራ ክፍል ያለው በር ሲጠብም እንዲሁ ነው፤ ወደ ፊት ማለፍ ያልቻለው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ በሳንባ ውስጥ ይከማቻል። የሳንባ የደም ሥሮች ይጨነቃሉ፤ ሰውየውም ትንፋሽ ያጥረዋል። ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ሌሊት በጀርባው መተኛት ስለሚከብደው ትራስ ደራርቦ ወይም ተቀምጦ ያድራል። ቆይቶም እግሩ ያብጣል፤ ሆዱ ይነፋል። እንግዲህ የልብ ሕመምና የሳንባ ሕመም በአንድ ሰው ደረት ውስጥ የሚገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ወደ 55 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል፤ በየዓመቱም ወደ 360,000 ሰዎች በእርሱ ምክንያት ይሞታሉ። አብዛኞቹ የእኛን በመሰሉ አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም የጤና ጉባኤ አገሮች ሁሉ ይህን ሕመም እንዲከላከሉ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል።

ይህን ያህል ያብራራነው ያለ ምክንያት አይደለም። እውነቱን ሳናውቅ ስንቀር በሕመምተኛው ላይ እንፈርዳለን። ውኃ ለመቅዳት ወርዳ ሦስት ጊዜ እያረፈች የምትመለሰውን ልጅ «ሰነፍ» እንላታለን። ፊቱ የጠቆረውን፣ ከንፈሩ የደረቀውን ወጣት «ቡዳ በልቶት ነው» ወይም «የአባቱ እዳ ነው» እንላለን። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠይቀው ነበር። ጌታችን ግን የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ መለሰላቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። እርሱ ዘግቶት የሄደውን የክስ መዝገብ እኛ ልንከፍተው አይገባንም።

እውነትን ማወቅ በትዳር ጉዳይ ላይ እጅግ ይከብዳል። የልብ ሕመም ያለባትን ልጃቸውን፣ ነገሩ ከተሰማ አትፈለግም ብለው፣ ሕመሟን ደብቀው የሚድሩ ወላጆች አሉ። ሴት በፀነሰች ጊዜ በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም በግማሽ ያህል ይጨምራል። የልብ በሯ የጠበበ ሴት ይህን ተጨማሪ ደም ማሳለፍ ያቅታታል፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከሆነም በእርግዝናዋ ወራት፣ በምጥዋ ሰዓት ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ቀናት ሕይወቷ ለአደጋ ይጋለጣል። ለምን እንደ ታመመች የማያውቅ ባልም ሊረዳት አይችልም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለምን? ይህን ስንል የልብ ሕሙማን አያገቡም፣ አይወልዱም ማለታችን አይደለም። ብዙዎች በሐኪም ምክር አግብተው፣ ወልደው ይኖራሉ። ነገር ግን እጮኛሞች አንዳቸው ለሌላቸው እውነቱን ይነጋገሩ፤ ከጋብቻ በፊት፣ ይልቁንም ከእርግዝና በፊት፣ ሐኪም ያማክሩ። በውሸት ላይ የተሠራ ጎጆ ያን የጨነቀ ሌሊት ሲመጣ አይጸናም።

ሁለተኛው መያዣ፦ መድኃኒት

ሩማቲክ ትኩሳት ያገኘው ሰው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ እንዲወጋ ይታዘዝለታል። መርፌው ለብዙ ዓመታት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ነው። ስለዚህ መርፌ ሕሙማኑም ቤተሰቡም በትክክል ሊረዱት የሚገባ ነገር አለ። የተጎዳውን የልብ በር መልሶ አያድስም፤ የሚሠራው ሕመሙ እንደ ገና ተነሥቶ በጠባሳ ላይ ጠባሳ እንዳይጨምር መጠበቅ ነው። አጥር ሌባ ከገባ በኋላ የጠፋውን ከብት አይመልስም፤ የቀረውን ግን ይጠብቃል። መርፌውም እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ነው ብዙዎች የሚሰናከሉት። መርፌው ያማል፤ ጤና ጣቢያው ይርቃል፤ ወጣቱም ጥቂት ወራት ደኅና ሲሆን «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። ሌሎች ደግሞ ለጸበል ሲሄዱ እምነታቸውን ለማሳየት ክኒናቸውን ይጥላሉ፤ መድኃኒት መያዝ እግዚአብሔርን መጠራጠር እንደ ሆነ የሚነግራቸውም አይጠፋም። ወገኖቻችን ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ጠቢቡ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለው ራሱ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምረናል። በዚያው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ይመከራል። ወንጌልን የጻፈልንን ሉቃስንም ቅዱስ ጳውሎስ የተወደደ ሐኪም ብሎ ይጠራዋል (ቆላ. 4፥14)። እንግዲህ በጸበሉ የሚያምን ይጠመቅ፤ ይጸልይ፤ መርፌውንና ክኒኑን ግን በአንድ እጁ እንደ ያዘ ይሂድ። ከሐኪም ጋር ሳይነጋገር መድኃኒቱን አይተው። በተለይ የልብ በራቸው በቀዶ ሕክምና በብረት የተተካላቸውና የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ወገኖች መድኃኒቱን ቢያቋርጡ ደም በበሩ ላይ ረግቶ በድንገት ለሞት ሊዳርጋቸው ይችላል።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። ጨው ውኃን በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር ለእነዚህ ሕሙማን ወጡ ጨው እንዲቀነስለት ይመከራል። በተዘጋ ማድ ቤት የሚጤሰው ማገዶም የደከመውን ሳንባ ይበልጥ ያስጨንቀዋል፤ ሕመምተኛው ከጭሱ ይራቅ፤ ማድ ቤቱም መስኮት ይከፈትለት።

በአገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ብዙ ሕፃናትን አድኗል፤ የሚጠብቁት ግን ከሚደርሳቸው ይበዛሉ። ለዚህ ነው በየወሩ የሚወሰደው ተራ መርፌ ትልቅ ነገር የሚሆነው። ብዙውን ጊዜ ሕፃን ልጅ ከዚያ ወረፋ እንዳይደርስ የሚያደርገው ጉሮሮው ባመመው ቀን ጤና ጣቢያ የወሰደው ሰው ነው።

ሦስተኛው መያዣ፦ ጸሎትና ምሥጢራት

በቅፍርናሆም የነበሩት አራቱ ሰዎች ወደ ጌታችን ለመድረስ ጣራ ነደሉ። እኛም ሕመምተኛው ወደ ጌታ እንዳይደርስ የሚከለክለውን ጣራ መመልከት ይገባናል። አብያተ ክርስቲያናችን ብዙዎቹ በኮረብታ ላይ ናቸው። ቅዳሴያችን ረጅም ነው፤ ቆሞ ማስቀደስም የአባቶቻችን መልካም ልማድ ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ግን በግማሽ ቅዳሴ ሲቀመጥ ዘወር ብለን እናየዋለን። የዕጣኑ ጢስ ሲያስለው ጉሮሮውን እየያዘ ይወጣል፤ ከዚያም ይቀራል። አንድ ወንበር በመስኮት አጠገብ ማኖር፣ «ወንድሜ፣ ተቀመጥ» ብሎ በፍቅር መናገር ጣራ መንደል ነው።

ስለ ጾምም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነጻ ታደርጋለች። በምግብ የታዘዘውን መድኃኒት በባዶ ሆድ የሚውጥ ወይም ጾም ነው ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚተወው ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሕግ እየጠበቀ አይደለም። በላቲን ሥርዓት የምትኖሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የታወጀው ሕገ ቀኖና ከቅዱስ ቁርባን በፊት ውኃና መድኃኒት መውሰድን እንደማይከለክል፣ ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና አስታማሚዎቻቸውንም ከአንድ ሰዓቱ ጾም እንደሚያወጣ እወቁ (ቁ. 919)። በግእዝ ሥርዓት የምትኖሩም የቁምስናችሁን ካህን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ ፈርዳችሁ ከቅዱስ ቁርባን አትራቁ። ትንፋሹን እየቆጠረ ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋ ሰው ጾሙን ጾሟል።

ምሥጢረ ቅብዐ ሕሙማንን በሚመለከት ያለው ፍርሃትም ሊወገድ ይገባዋል። አንዳንድ ቤተሰብ ካህን ቅዱስ ዘይት ይዞ ሲመጣ የሞት መልእክተኛ የመጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ሕመምተኛው ራሱን እስኪስት ካህን አይጠራም። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ከታመመ ሰው ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲጠሩ ያዘዘው ለሚቀበር ሳይሆን ለታመመ ሰው ነው (ያዕ. 5፥14-15)። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ አስተምሯል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛም በ1972 ሥርዓቱን አድሰዋል። ከባድ የልብ ሕመም ያለበት ሰው በልቡናው ሳለ፣ እየጸለየና «አሜን» እያለ ሊቀበለው ይገባል፤ ሕመሙ ሲከብድም ሊደገምለት ይችላል።

አራተኛው መያዣ፦ የጎረቤት ትከሻ

በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚቀድመን የለም። እድራችን ቀብሩን ያስፈጽማል፤ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ። ያ ወጣት በሕይወት ሳለ ለወር መርፌው የሚሄድበት የመኪና ኪራይ አጥቶ ሦስት ወር ሲቀር የት ነበርን? ለቀብር የምንሰበሰብ ሰዎች ለመርፌው ለምን አንሰበሰብም? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አንዱ ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮውን ይክፈልለት፤ ሌላው የመርፌውን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጎ ያስታውሰው፤ ሌላዋ እንስራዋን ስትሞላ የጎረቤቷንም ትሙላላት፤ ወጣቶች ደብተሩን ይሸከሙለት፤ መምህሩም ከሩጫ ያሳርፈው።

አስታማሚዎችንም አንርሳ። ሌሊት ሌሊት የልጇን ትንፋሽ ስታዳምጥ የምታነጋ እናት አለች። ትንፋሹ ሲፈጥን ትነሣለች፤ ዝም ሲልም ደንግጣ ትነሣለች። እርሷን አንድ ሌሊት ተክቶ ማሳደር ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል። ሐዋርያው አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያሳሰበን የክርስቶስን ሕግ እንድንፈጽም ነው (ገላ. 6፥2)።

ለሕሙማን ወገኖቻችን

አሁን በቀጥታ ወደ እናንተ፣ ከዚህ ሕመም ጋር ወደምትኖሩት፣ እንመለሳለን። ብዙ ሰው «ታገሡ» እያለ እንደሚያደክማችሁ እናውቃለን። ጌታችን ሕሙማንን ባገኘ ጊዜ ታገሡ ብሎ ብቻ አላለፋቸውም፤ ዳሰሳቸው፤ ፈወሳቸውም። እንግዲህ ሕመም በራሱ መልካም ነገር ነው አንላችሁም፤ ጤናን መመኘትና መፈለግም ኀጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ከሥጋው መውጊያ እንዲገላገል ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ መውጊያው ባይወሰድለትም ጸጋው እንደሚበቃው ተነገረው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። ለምኑ፤ ደግማችሁም ለምኑ።

በግእዝ ቋንቋ ነፍስና እስትንፋስ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። እግዚአብሔር በመጀመሪያው ሰው ላይ የሕይወትን እስትንፋስ እፍ እንዳለ ኦሪት ይነግረናል (ዘፍ. 2፥7)። ሌሎች ሳያስቡት የሚተነፍሱትን እናንተ እያንዳንዱን በድካም ትቀበሉታላችሁ፤ ስጦታ እንደ ሆነም ከሁላችን ይልቅ ታውቃላችሁ። ረጅም ጸሎት ቢያቅታችሁ በአንድ ትንፋሽ «ጌታ ሆይ» ማለት ይበቃል። ያም ሲያቅታችሁ ዝም በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ እናንተ ትጸልያለች። ያ ሽባም ዝም ብሎ ነበር።

ጥቅም የለኝም የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ቅድስት ትሬዛ ዘሕፃን ኢየሱስን አስቡ። በገዳም ሳለች የሳንባ ነቀርሳ ይዟት እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1897 በ24 ዓመቷ አረፈች። ደክሟት በገዳሙ አትክልት ስፍራ ስትራመድ እርምጃዋን በሩቅ አገር ለሚደክም ሚስዮናዊ ታቀርብ ነበር። ከገዳሟ ያልወጣችውን ይህችን ሕመምተኛ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1927 ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘጋቪዬር ጋር የሐዋርያዊ ተልእኮ ጠባቂ አድርገው ሰየሟት። እናንተም ከአልጋችሁ ሆናችሁ ስለ አንድ ሰው ለመጸለይ ያላችሁን እርምጃ ማንም ሊወስድባችሁ አይችልም።

ካቴኪስቶች ምን ያድርጉ?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም የሕሙማንን ቀን መሥርተዋል፤ ከ1993 ጀምሮም በየዓመቱ የካቲት (ፌብሩዋሪ) 11 ቀን ይከበራል። ይህ ቀን የንግግር ብቻ ሆኖ እንዳያልፍ እነዚህን አራት ነገሮች አደራ እንላለን።

1. በክፍላችሁ ያሉ ልጆች ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ለወላጆቻቸው እንዲናገሩ አስተምሩ፤ ወላጆችም እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው ምከሩ።

2. በመንደራችሁ ያሉትን የልብና የሳንባ ሕሙማን በፈቃዳቸው በስም እወቁ፤ የመርፌ ቀናቸውን የሚከታተል አንድ ሰው ለእያንዳንዳቸው መድቡ። ምሥጢራቸውንም ጠብቁ።

3. ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጣት ላቃታቸው ቅዱስ ቁርባን በቤታቸው እንዲደርስ ለካህኑ አስታውቁ።

4. ለጋብቻ የሚዘጋጁ እጮኛሞች ስለ ጤናቸው በእውነት እንዲነጋገሩ አሳስቡ።

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፣ በቅፍርናሆም አልጋው የተሸከመው አራት ሰው ስለነበረ ለአንዱ ብቻ አልከበደም። ከአራቱ አንዱ ቢለቅ ግን ሕመምተኛው ይወድቅ ነበር። እያንዳንዳችን የያዝነውን ማዕዘን እንወቅ፤ እስከ ጌታችን ፊት ድረስም አንልቀቀው።

የሕይወት እስትንፋስ የሰጠን አምላክ ሕሙማንን ይፈውስ፤ አስታማሚዎችን ያበርታ፤ የሐኪሞችንም እጅ ይባርክ። የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ድንግል ማርያም ስለ እነርሱና ስለ እኛ ታማልድ። አሜን።